ኮር ስጨምር የተጎተተው ማሽን

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ለዓመታት ተሳስቼበት ስለኖርኩት አንድ ነገር ላውራችሁ።

ዳታቤዝ የሚሠራበት አንድ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በእውነተኛ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር፣ ነበረኝ። ሲንቀራፈፍብኝ 4 የነበረውን ቨርቹዋል ሲፒዩ፣ ማሽኑ እንደ ራሱ ኮር (የፕሮሰሰር አንድ የሥራ ክፍል) የሚያየውን፣ 8 አደረግኩት። ትንሽ ተሻለው። 16 ሳደርገው ግን ጭራሽ ተጎተተ። የሲፒዩ አጠቃቀም የሚያሳየውን ቶፕ የሚባል ፕሮግራም ከፍቼ ሳይ ኮሮቹ ሁሉ በሥራ የተወጠሩ ይመስላሉ። ዳር ላይ ደግሞ ኤስቲ የምትል ቁጥር አለች፤ ስቲል ታይም ማለት ናት። ስንት ጊዜ አይቼ አልፌያታለሁ! ማሽኑ ለመሥራት ተዘጋጅቶ ሳለ እውነተኛው ኮር ለሌላ ተሰጥቶበት ወረፋ የጠበቀበትን ጊዜ ነው የምትቆጥረው።

በኬቪኤም፣ ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስኬደው የሊኑክስ ክፍል፣ ላይ አንድ ቨርቹዋል ሲፒዩ ለሆስቱ (ማሽኖቹን ለተሸከመው እውነተኛ ኮምፒውተር) እንደማንኛውም ስሬድ፣ ተራ እየተሰጠው እንደሚሄድ ሥራ፣ ነው፤ ተራው ሲያልቅ ከኮሩ ላይ ይነሳል። ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ግን በዚያች ቅጽበት ይህን አያይም። እንግዲህ አንዱ ቨርቹዋል ሲፒዩ ስፒንሎክ፣ ማለትም አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ መቆለፊያ፣ እንደያዘ ቢነሳስ? ሎኩን የሚፈልጉት ሌሎቹ እዚያው እየተሽከረከሩ ይጠብቁታል። ያ ሥራ ብዬ ያየሁት ግማሹ ጥበቃ ነበር ማለት ነው! ይህን ስረዳ፣ እውነቴን ነው፣ ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ ቀረሁ። በእርግጥ መላ ተበጅቶለታል፤ ፕሮሰሰሮቹ ራሳቸው እየተሽከረከረ የሚጠብቀው የሚደጋግመውን ፖዝ የሚባል ትእዛዝ አይተው ኮሩን ለሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ለሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ያስረክባሉ፣ ሊኑክስም የፓራቨርቹዋል ስፒንሎክ፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን አውቆ የሚሠራ መቆለፊያ፣ አለው። ይረዳል። የሌለ ኮር ግን አይፈጥርም።

ሁለተኛው ስህተቴ ኑማ ነው፤ ሜሞሪ በየፕሮሰሰሩ አጠገብ የተከፋፈለበት አሠራር ማለት ነው። ሆስቱ ሁለት ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) አለው፣ በእያንዳንዱ 12 ኮር። ሜሞሪውም ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከማዶ ያለውን ማንበብ አጠገብ ካለው ይዘገያል። የእኔ 16 በአንዱ ሶኬት ኮሮች ላይ አይበቃም፣ ስለዚህ ሁለቱም ላይ ተበትኗል።

ወደ 8 መለስኩት። ቪሲፒዩፒን በሚባለው ትእዛዝ ከአንዱ ሶኬት ኮሮች ጋር አሰርኩት፣ ሜሞሪውንም ኑማቱን በሚባለው ትእዛዝ እዚያው አደረግኩ፣ ሌሎቹን ማሽኖች ከእነዚያ ኮሮች አራቅኩ። ኤስቲ ወደ ዜሮ ወረደች፤ ዳታቤዙም በ16 ከነበረው ፈጠነ።

አሁን የሚከነክነኝ ጎረቤቶቹ ናቸው። ያ ሁሉ ኮር የተወሰደው ከእነሱ ተራ ላይ ነበር፤ የእነሱን ኤስቲ ደግሞ አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁም።