ከአንድ መሳቢያ እንጀምር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ቤት ውስጥ ኮተት የሚበዛው ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቦታ ያጣ ዕቃ ሁሉ "ይቆይ ወይስ ይውጣ?" የሚለው ጥያቄ ያልተቆረጠለት ዕቃ ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ጽዳት ሳይሆን ስለ መወሰን ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ገና ሲጀምሩ ነው። በዕረፍት ቀን ቤቱን በሙሉ መሬት ላይ ያፈሱታል፤ እኩለ ቀን ላይ ይደክማቸዋል፤ ማታ ሁሉንም መልሰው ይጠቀጥቁታል። ሌሎች ደግሞ አስቀድመው ማስቀመጫ ሳጥን ይገዛሉ። ሳጥን ኮተትን ይደብቃል እንጂ አይቀንስም። የሚገዛው ዕቃው ከተለየ በኋላ፣ የቀረው ታይቶ ነው።

እናም ከአንድ መሳቢያ ጀምሩ፤ 20 ደቂቃ ይበቃል። መሳቢያውን ጠረጴዛ ላይ ገልብጡት። ከላይ ከላይ እየለቀሙ ማውጣት ከሥር ያለውን ሳይነኩ መተው ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ስታነሱ እዚሁ ይቀራል፣ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል ወይም ከቤት ይወጣል ብላችሁ ወስኑ። የሌላ ክፍል የሆነውን ወዲያው ላድርስ ብላችሁ አትነሱ፤ እዚያ ሌላ ሥራ ይይዛችኋል። በቅርጫት አጠራቅማችሁ መጨረሻ ላይ አዙሩት።

አሁን መሳቢያው ውስጥ ያለውን የተወሳሰበ የኤሌክትሪክ ገመድ ጥቅል ፍቱት። የሚሰካበት ዕቃ ቤት ውስጥ የሌለ ገመድ ይወጣል። ሽፋኑ ተልጦ ሽቦው የታየ ቻርጀር ግን አደጋ ነውና ለማንም አይሰጥም። በሚቀሩት ላይ የምን እንደሆኑ ጽፋችሁ ለጥፉ። ያገለገሉ የሊቲየም ባትሪዎችን ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍናችሁ ለብቻቸው አስቀምጡ፤ ጫፎቹ ከብረት ጋር ከተነካኩ ሊግሉና እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ።

ቁርጥ ያለ ውሳኔ ያቃታችሁን ዕቃ ካርቶን ውስጥ ከታችሁ ዝጉና ከ6 ወር በኋላ የሚውለውን ቀን ጻፉበት። እስከዚያ ምንም ነገር ፈልጋችሁ ካልከፈታችሁት፣ ሳትከፍቱ አስወጡት። ከተከፈተ ሁሉም ዕቃ እንደገና ያሳሳል። ሰነድና የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን እዚህ ካርቶን ውስጥ በፍጹም አይገቡም። የሌላውን የቤተሰብ አባል ዕቃም ባለቤቱ በሌለበት አትጣሉ። አንዴ እምነት ከጠፋ ያ ሰው እያንዳንዷን ብጣሽ ወረቀት ሳይቀር መሸሸግ ይጀምራል።

ለልብስ ቀላል ዘዴ አለ። የመስቀያዎቹን መንጠቆ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሩ፤ ለብሳችሁ የመለሳችሁትን በተቃራኒው ስቀሉት። ከዓመት በኋላ ሳይዞር የቀረው ራሱ ይናገራል። ለአንድ ወቅት ብቻ የሚለበሰውን ለማወቅ ከዓመት ማነስ የለበትም።

ስልክም ኮተት ይሞላል። ሰው በቀጥታ ከሚልክላችሁ መልእክትና ከጥሪ በቀር የሌላውን ማሳወቂያ ሁሉ ዝጉ። አሮጌ ስልክ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶዎቹን ገልብጡ፣ ከአካውንታችሁ ውጡ፣ ከዚያ ሁሉንም አጥፉ። ከአካውንቱ ሳትወጡ ሁሉንም ካጠፋችሁ ስልኩ ሊቆለፍና ተቀባዩ ሊቸገር ይችላል።

እንዲወጣ የተወሰነውን ዕቃ በዚያው ሳምንት አድርሱት። በር ሥር የከረመ ፌስታል አንድ በአንድ እየተለቀመ ወደ መሳቢያው ይመለሳል።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።