ድንጋዩንስ ማን አወጣው?

እየቀዳ ነው? ቀዩ መብራት በርቷል። እሺ።

ሰላም ሰላም። የቤት ኪራዩን ጉዳይ ክፍል ሁለት ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። አልጨርሰውም። ይቅርታ። አከራዬ እንደሆነች የትም አትሄድም። ዛሬ ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። ዶሮው ከጮኸ ደግሞ አልቆርጠውም፤ አንዳንዶቻችሁ ከእኔ ይልቅ እሱን ለመስማት እንደምትመጡ ደርሼበታለሁ።

እሑድ እማዬ ጋ ቡና እየጠጣን ነው። እማዬ የእህቴን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ የላሊበላን ታሪክ ትነግራታለች። ቀን ቀን ሰው ይቆፍራል፣ ሌሊት ሌሊት መላእክት ይቀጥላሉ፣ ጠዋት ሠራተኛው ሲመጣ ሥራው እጥፍ ሆኖ ያገኘዋል። እኔም ያደግሁበት ታሪክ ነው። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከአፌ አመለጠኝ። "ድንጋዩንስ ማን አወጣው?"

እማዬ ስኒዋን አስቀመጠች። "አንቺ እኮ ህንድ ሄደሽ ነው የተበላሸሽው" አለች። ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ጥያቄው ግን የእኔ አይደለም። የሽማግሌው ነው።

ህንድ፣ ፑኔ ከተማ የኖርኩበትን ዘመኔን ታውቁታላችሁ፤ የምስር ወጡን ጉድ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ኤሎራ፣ እዚያው ህንድ ያለው ከአለት የተፈለፈሉ ቤተ መቅደሶች ቦታ፣ የሄድኩት ያኔ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ማክሰኞ ነበር። ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተንገላትቼ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ባለ ባጃጁ (እነሱ "አውቶ" ነው የሚሉት፣ ባጃጅ የፑኔ ኩባንያ ሆኖ ሳለ) አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከየት ነሽ አለኝ። ከኢትዮጵያ ስለው ፊቱ በራ። "ነይ፣ የአገርሽ ሰው አለ" ብሎ ኩልዳባድ ወሰደኝ። አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማሊክ አምበር መቃብር ላይ አቆመኝ።

ስለ ማሊክ አምበር አንድ ሙሉ ክፍል መሥራት አለብኝ። እሠራለሁ እላለሁ፣ ታውቁኛላችሁ። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ ሐበሻ ነው። እዚያ ሄዶ የጦር አዛዥ ሆነ፣ የአህመድናጋርን መንግሥት በእንደራሴነት አስተዳደረ፣ ሙጋሎቹን፣ ያኔ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን፣ ለዓመታት እንቅልፍ ነሳ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1610 ከተማ ቆረቆረ። ከተማዋን በኋላ የሙጋሉ አውራንግዜብ በስሙ አውራንጋባድ አላት፤ እሱም እዚያው ኩልዳባድ ነው የተቀበረው። አምበር ለከተማዋ ውኃ ያመጣው ደግሞ ከመሬት በታች በተቆፈረ ቦይ ነው። ሐበሻ እዚያም ሄዶ መቆፈሩን አልተወም! ብቻ... እንመለስ።

ረቡዕ ገባሁ።

ቦታው ላይ በቁጥር የተሰየሙ 34 ዋሻዎች አሉ። የቡድሂስት፣ የሂንዱ፣ የጃይን፣ ጎን ለጎን። ሺቫ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ የተሠራው ካይላሳ ቁጥር 16 ነው። ዋሻ ይሉታል እንጂ ዋሻ አይደለም። ተራራውን ከላይ ወደ ታች በሦስት በኩል ቆርጠው፣ መሀል ላይ የቀረውን ድንጋይ ቤተ መቅደስ አደረጉት። ከጉልላት ተጀምሮ መሠረት ላይ ያለቀ ቤት። ቁመቱ 30 ሜትር ገደማ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ያላየ... እንዴት ልበላችሁ? የተገነባ ነገር የለም። የተቀነሰ ብቻ ነው። ተሳስተህ ከቆረጥክ የምትመልሰው የለም።

ግቢው ውስጥ ኩምቢው የተሰበረ የድንጋይ ዝሆን አለ። እዚያ ጥላ ውስጥ ነው ሽማግሌው ያገኙኝ። አስጎብኚ ናቸው። "ቤታ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። የንግሥቲቱን ታሪክ ነገሩኝ።

ንጉሡ ታመመ። ንግሥት ማኒካቫቲ ተሳለች። ባሌን ከማርክልኝ ቤተ መቅደስ አሠራልሃለሁ፣ ጉልላቱን ሳላይም እህል አልቀምስም ብላ። ንጉሡ ዳነ። አናጢ ግንበኛው ተጠራ፣ ሁሉም ብዙ ወር ይፈጃል አለ። ብዙ ወር ማን ይጾማል? ኮካሳ የሚባል አንድ ባለሙያ ብቻ በሳምንት ጉልላቱን ታያለሽ አላት። ከላይ ጀመረዋ! ጉልላቱን ቀርጾ አሳያት፣ በላች፣ እሱ ወደ ታች ቀጠለ።

እኔ ይሄን ስሰማ ደረቴን ነፋሁ። "እኛ ጋም አለ" አልኩ። አሥራ አንድ ናቸው፣ ከአንድ አለት የተፈለፈሉ፣ ሌሊት ሌሊት መላእክት የሠሯቸው። ተንተባተብኩ እንጂ በደንብ ነገርኳቸው።

አዳመጡኝ። ሳያቋርጡ። ከዚያ፣ "ታዲያ ድንጋዩን ማን አወጣው?"

ስድስት ዓመቴ ነው ይቺን ደቂቃ ሳመላልሳት። ሲጠይቁኝ ፈገግ ብለዋል? ያሉ ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ያላሉ ይመስለኛል። "መላእክቱ ናቸዋ" አልኳቸው። ቀና ብለው ገደሉን አዩት፣ ያ የተቆረጠውን ግድግዳ። "እንግዲያ ደክሟቸዋል" አሉ። ዞር ብለው ሄዱ። በቃ።

እየቀለዱብኝ ነበር? ወይስ አምነውኝ ነው ያዘኑላቸው? ሁለቱም ያናድደኛል።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግድግዳው ጋ ሄጄ ጣቴን የመሮው ጭረት ውስጥ አስገባሁ። ጭረቱ አለ እኮ። አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ እዚች ጋ፣ አንዴ መታ። ከዚያ ስፈልግ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ተሸክሞ የሚታይ ማነው? መሠረቱን የተሸከሙት ዝሆኖቹ ናቸው፣ በተርታ። ሌላው ራቫና ነው፣ አሥር ራስ ያለው። የሺቫ መኖሪያ ከሆነው ተራራ ሥር ገብቶ ይነቀንቀዋል፤ የሺቫ ሚስት ፓርቫቲ ትደነግጣለች፣ ሺቫ በእግሩ ጣት ብቻ ጫን ይለዋል። እንስሳና ጋኔን። ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ግን አላየሁም። ከዚያ ግቢ የወጣው በግምት 200,000 ቶን ነው ይባላል። ሲኖትራክ 20 ቶን ቢጭን 10,000 ምልልስ! በቅርጫት...

ብቻ ትናንት ሌሊት ሳነብ ያገኘሁት ነው ያባባሰብኝ። ቤቱን ያሠራው የራሽትራኩታ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ቀዳማዊ ክሪሽና ነው፣ በስምንተኛው መቶ ዘመን። ከእሱ በኋላ፣ በ812 ገደማ፣ ዘመዶቹ ያስጻፉት የመዳብ ሰሌዳ አለ። አማልክት በሰማይ ሠረገላ ሲያልፉ አዩት ይላል። ይሄ በራሱ የተገኘ ነው፣ የእጅ ሥራ እንዲህ አያምርም አሉ። ይሄ እንግዲህ የተለመደው ነው፣ የእኛው ዓይነት። ቀጥሎ ግን ሠሪው ራሱ ተገረመ ይላል። "እንዴት ነው ይሄን የሠራሁት?" አለ።

ስሙ አልተጻፈም። የንጉሡ ተጽፏል። ኮካሳ የሚለው ስም ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በተጻፈው አፈ ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። ሰሌዳው ላይ ያለው ሰውዬ ቆሞ የራሱን እጅ የሚያይ ሰው ነው።

እኔ እስከ ትናንት፣ የመላእክቱ ነገር የሠራተኛውን ላብ መቀማት ነው ባይ ነበርኩ። አሁን እንጃ። ምናልባት መጀመሪያ መላእክት ናቸው ያለው ራሱ ሠራተኛው ቢሆንስ? ጠዋት መጥቶ፣ ትናንት የቆፈረውን አይቶ፣ አላምንም ብሎ... አይ፣ ይሄም ማሳመር ነው። የሚቀማም አለ።

እማዬ አባዬ ከሞተ በኋላ ያቺን ሁለት ክፍል ቤት እንዴት እንደሠራች ነግሬያችኋለሁ፣ የሲሚንቶውን ዕዳ፣ ምናምን። እንዴት ሠራሽው ስትባል አንድ መልስ ነው ያላት። "እኔ እንጃ፣ እሱ ነው የሠራው።" ሁሌ ይሄ መልስ ያበሽቀኛል። የመሠረቱን ድንጋይ እኮ አይቻለሁ። ማታ ማታ በጆንያ፣ እሷ ትልቁን እኔ ትንሹን፣ ከወንዙ ዳር። ጥፍሯ ተነቅሎ ነበር። የግራ እጇ፣ አውራ ጣቷ።

እና እሑድ ያንን የጠየቅኳት እሷን ነው። እዚያው ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ።

ሐሙስ እደውልላታለሁ። ምን እንደምላት ግን... ይቅርታ በይኝ ብላት ለምኑ ትለኛለች፣ ታውቋታላችሁ። ወይ ደግሞ ዝም ብዬ ስለ ጥፍሯ ብጠይቃትስ...

ሰማችሁት? መጣ። ይሄ ዶሮ እኮ ሰዓቱንም አያውቅም፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው።