ትራምፔት የሚያርፍበት ቀን፦ ቅዳሴና ሙዚቃ በቪየና ቤተ መንግሥት

የተከበራችሁ የመዘምራን መሪዎችና የሙዚቃ ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ በነገሡበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1711–1740) በቪየናው የሃብስበርግ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ስለተሰማው የቅዳሴ ሙዚቃ ነው። ይህን ሙዚቃ ለማቅረብ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ኖታውን ከመክፈታችሁ በፊት ቅዳሴው ለየትኛው ቀን እንደተጻፈ እዩ። በዚያ ቤተ መንግሥት ማን እንደሚጫወት የሚወስነው የቀኑ ማዕርግ ነበርና።

በታላላቅ በዓላት ትራምፔትና ቲምፓኒ (ትልልቅ ከበሮዎች) ይገባሉ። በዐቢይ ጾምና ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ያርፋሉ፤ በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል የማይነኩበትን ሥርዓት ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በእነዚህ ቀናት የሚዘመረው «አካፔላ» (በድምፅ ብቻ የሚዘመር) ይባል እንጂ ሁልጊዜ ያለ መሣሪያ አልነበረም። ኮርኔቶ (ከእንጨት የሚሠራ የድሮ የትንፋሽ መሣሪያ) ከላይኛው ድምፅ ከሶፕራኖው፣ ሁለት ትሮምቦኖች ከመካከለኞቹ ከአልቶውና ከቴኖሩ፣ ባሱን የሚባለው የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ ከዝቅተኛው ድምፅ ከባሱ ጋር ያንኑ ዜማ ይዘው ይሄዳሉ፤ ከሥር ኦርጋን ይደግፋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የዛሬው ትሮምቦን ቧንቧው ሰፊ ስለሆነ አልቶዎቹን ይውጣቸዋል። ጠባቡን የድሮ ዓይነት ካላገኛችሁ በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ ዘማሪ ጨምሩ። ተጫዋቹም ከዘማሪው ጋር እንዲተነፍስ የላቲኑን ቃል ከኖታው ሥር ጻፉለት፤ አለዚያ ቃሉን መካከል ላይ ይቆርጠዋል።

በዚያ ዘመን የነበረው ትራምፔት ቁልፍ አልነበረውም፤ የሚሰጠው በትንፋሽና በከንፈር ብቻ የሚወጡትን ተፈጥሯዊ ድምፆች ነበር። ተከታታይ ዜማ የሚያወጣው ከ8ኛው ተፈጥሯዊ ድምፅ ወዲያ ብቻ ነው፤ 11ኛው ደግሞ በፋና በፋ ዲያዝ መካከል ስለሚወድቅ ተጫዋቹ በከንፈሩ ያቃናዋል። ስለዚህ ትራምፔቱ ከፍ ብሎ ሲጻፍ ለጉራ አይምሰላችሁ።

የዚህን ቤተ መንግሥት ሙዚቃ የመራው ዮሐን ዮሴፍ ፉክስ ነው። በ1698 በካርል አባት በንጉሠ ነገሥት ሊዮፖልድ 1ኛ ዘመን የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ደራሲ ሆነ፤ በ1715 የሙዚቃው ዋና ኃላፊነት ተሰጠው። ሊዮፖልድ ራሳቸው ቅዱስ ሙዚቃ ይደርሱ ነበር። የእነዚህን ነገሥታት ድጋፍ ከሌላው የምለየው በዚህ ነው፤ ገንዘብ የሚከፍሉበትን ሙያ ያውቁታል። ፉክስ በ1725 በላቲን ጽፎ ያሳተመውን የሙዚቃ ድርሰት መማሪያ መጽሐፍ ወጪ የሸፈኑት ካርል 6ኛ ናቸው። በመጽሐፉ መሠረት ተማሪው በአንድ ቋሚ ዜማ ላይ መጀመሪያ አንድ ለአንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ አራት ኖታ ያኖራል፤ ኖታ ማዘግየት በአራተኛ ደረጃ ይመጣል፣ በመጨረሻ ሁሉም ይቀላቀላል።

ልምምዳችሁን ከጾሙ ቅዳሴ ጀምሩ። አራቱ ድምፆች በኦርጋን ብቻ ሲስተካከሉ ትሮምቦኖቹን አንድ በአንድ አስገቡ፤ ትራምፔት ያለበትን የበዓል ቅዳሴ ከዚያ በኋላ አንሡ።