ከግንቡ አትጀምሩ

እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። ዛሬ ተመርቃችሁ አስጎብኚ ሆናችኋል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ግንብ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ጎንደር ነው። እኔ ግን አሁን ናሚቢያ ልወስዳችሁ ነው። በናሚብ በረሃ ዳር ዱዊሲብ የሚባል ግንብ አለ። ያሠራው አገሩ የጀርመን ቅኝ ግዛት በነበረበት ጊዜ ፎን ቮልፍ የተባለ የጀርመን መኮንን ነው፤ የአገሩን ነባር ሕዝብ ናማዎችን ሲወጋ ቆይቶ፣ አሜሪካዊት አግብቶ ተመለሰና እዚያው ሰፈረ። ቤቱ 22 ክፍሎች አሉት። ድንጋዩ እዚያው አካባቢ ተፈለጠ፤ ሌላው ዕቃ ግን ከጀርመን በመርከብ ሉደሪትዝ ወደብ ደርሶ፣ ከዚያ በበሬ ጋሪ በረሃውን አቋርጦ ነው የመጣው። በ1909 (እ.ኤ.አ.፣ የቀሩትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) አለቀ።

መስኮቶቹን ልብ በሉ። ብዙዎቹ የጠመንጃ አፈሙዝ የሚያሾልኩባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች ይመስላሉ። ሰው መኖሪያ ቤቱን እንዲህ የሚሠራው ጎረቤቱን ሲፈራ ነው።

ቢፈራም አይገርምም። በ1905 ፎን ትሮታ የተባለው ጄኔራል ናማዎችን እጅ ካልሰጣችሁ በሌላው የአገሩ ሕዝብ በሄሬሮዎች ላይ የደረሰው እልቂት ይደርስባችኋል ብሎ አወጀ። መሪያቸው ሄንድሪክ ዊትቦይ በዚያው ዓመት ተዋግቶ ሞተ። የተያዙት ሉደሪትዝ አጠገብ ባለችው ሻርክ ደሴት ታጎሩ፣ ብዙዎቹም በብርድና በረሃብ አለቁ። ከናማ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ጠፋ። የግንቡ ዕቃ የተራገፈው እዚሁ ወደብ ላይ ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ውስጤን ያመኛል።

በግንቡ አካባቢ ያለው መንደርስ? በ1907 የወጣው ደንብ ጥቁር ሰው ያለ ገዥው ፈቃድ መሬትም ከብትም እንዳይኖረው ከለከለ። ከ7 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ሳይቀር ዘውድ፣ የወረዳው ስምና ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ይለፍ እንዲይዝ ተገደደ። እስቲ አስቡት፣ አንደኛ ክፍል የምትገባ ልጅ አንገቷ ላይ ቁጥር ይዛ! አንድ የነጭ እርሻ ላይም ከ10 ቤተሰብ በላይ መስፈር አይቻልም ነበር። ስለዚህ ጎብኚ መንደሩ ለምን አነሰ ብሎ ቢጠይቅ፣ በረሃ ስለሆነ ነው ብሎ ማለፍ ግማሹን መደበቅ ነው።

ይህ ጉዳይ የእኛም ነበር። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በናሚቢያ ጉዳይ ያኔ አገሪቱን ትገዛ የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰዋል፤ በ1966 ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው እንጂ።

ፎን ቮልፍ ራሱ ግንቡ ውስጥ ብዙ አልኖረም። በ1914 ወጣ፣ በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ላይ ተገደለ። ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ጎንደር ፒያሳ ጣሊያን የሠራቸው ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት አሉ። እንግዶቻችሁን እዚያ ከማቆማችሁ በፊት አንድ ቀን ብቻችሁን ሂዱ። ሰፈሩ ውስጥ ሽማግሌ ፈልጉ፣ ቡና ጋብዙ፣ ሕንጻው ሳይሠራ በፊት ቦታው የማን እንደነበር ጠይቁ። የሚነግራችሁን ጻፉት። ጉብኝታችሁን ከዚያ ጀምሩ።