የጣና ቂርቆስ ድንጋዮች

ሰላም እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለች ደሴት ላውራችሁ፤ ስለ ጣና ቂርቆስ።

በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ በኩል ነው ያለችው። ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት እዚህ ተቀምጣለች ይላሉ መነኮሳቱ። የወሰዳት ንጉሥ ኢዛና ነው ይባላል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከሰሎሞን እስከ ኢዛና 1300 ዓመት ገደማ ነው። ታዲያ 500ው የት ገባ? ተዉት፣ አፈ ታሪክን በካልኩሌተር ስፈትን ያየኝ ይስቅብኛል።

እኔን የያዙኝ ድንጋዮቹ ናቸው። ከፍ ካለው ገደል ላይ አጫጭር የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል። አናታቸው እንደ ወጭት ተቦርቡሯል። የኦሪት መሥዋዕት ደም የሚጠራቀመው እዚያ ነበር ይባላል። ዘሌዋውያንን ያነበበ ያስታውሳል፤ ካህኑ ጣቱን ከደሙ ነክሮ 7 ጊዜ ይረጫል።

አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም እዚህ መጥተዋል ይላል ትውፊቱ። በጽሑፍ የምናውቀው ታሪካቸው ግን አክሱም ላይ ነው። ከጢሮስ የመጡ፣ ቤተ መንግሥት ያደጉ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ላይ በአትናቴዎስ እጅ የተሾሙ ጳጳስ ናቸው። የጣና ገዳማት በጽሑፍ ጎልተው የሚታዩት ደግሞ ከ14ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው። መሀሉን የሞላው የመነኮሳቱ አፍ ነው።

ኢዛና ክርስቲያን ሲሆን ከሳንቲሙ ላይ ጨረቃዋን አንስቶ መስቀል አስቀረጸ። ጣና ላይ ግን የድሮውን ያነሣ የለም። ሌላ ቦታ ቢሆን "የጣዖት ነው" ተብሎ ድሮ ተሰባብሮ ነበር። እዚህ መነኩሴው ራሱ እየመራ ያሳያል። ለእሱ ኦሪት የባዕድ ሃይማኖት አይደለም፣ የአያቱ ቤት ነው። ድንጋዮቹ በእርግጥ የኦሪት ናቸው ወይስ ከዚያ የተለየ አምልኮ ነበራቸው? እሱን የአርኪዮሎጂ ሰዎች ይጨቃጨቁበት።

እኔ በዓይኔ አላየኋቸውም። ገዳሙ ሴት አያስገባማ! የሚገርመው፣ እመቤታችን ከግብፅ ስደት ስትመለስ እዚችው ደሴት ላይ 3 ወር ከ10 ቀን ዐርፋለች ነው የሚባለው። ይህን ይዤ አንድ ቄስ ጋ ሄድኩ። "አባ፣ እሷ ገብታ የለ እንዴ?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና "ልጄ፣ አንቺ እመቤታችን ነሽ?"

መልስ የለኝም። መግባት ግን አሁንም እፈልጋለሁ።