ከጨው በፊት

እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ከኋላ ቆማችሁ ልጅ የምታባብሉም ሁሉ፤ እንኳን ለማኅበራችን 5ኛ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

አስተባባሪዎቹ 15 ደቂቃ ሰጥተውኛል። ርዕስም ሰጥተውኛል። «ጤናማ የቤተሰብ አመጋገብ በአነስተኛ ገቢ» ይላል። ሳነበው ትንሽ ፈራሁ። ይህን ማኅበር ስንጀምር ሰባት ሴቶች ነበርን። ያለን አንድ ድስት ነው፤ ክዳኑም የሌላ ድስት ነበር። ርዕስ የሚባል ነገር አናውቅም። ሁላችንም ይዘን የመጣነው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይሄን ልጅ ዛሬ ምን ላብላው?» ስለዚህ ርዕሱን ለአስተባባሪዎቹ መልሼ በጥያቄው እቀጥላለሁ።

ወረቀቴ ላይ ስድስት ነጥብ አለ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ከአሁኑ ሰዓት የምታዩ ሰዎች ተረጋጉ።

የመጀመሪያ ልጄ ስድስት ወር ሲሞላው «ተጨማሪ ምግብ ጀምሪለት» ተባልኩ። ምን እንደምጀምርለት ግን ማንም አልነገረኝም። ሱቅ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ከቆርቆሮ ላይ ሆኖ ይስቅልኛል። የእኔ ልጅ ጉንጭ እንደዚያ አይደለም። ለወሩ አስቤዛ ከያዝኩት ገንዘብ ቀንሼ አንድ ቆርቆሮ የገንፎ ዱቄት ገዛሁ። ቤቴ የገባሁት እንደ ሁለተኛ ልጅ አቅፌው ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ከሠራሁት ከሳምንት አያልፍም። እኔ ደግሞ ወር እንዲያደርሰኝ እፈልጋለሁ። አራት ማንኪያ በሚለው ሁለት አደረግኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ተኩል። ገንፎው እየቀጠነ ሄዶ ሄዶ በጡጦ የሚጠጣ ሆነ። ልጄ ይጠጣል፣ ሆዱ ንፍት ይላል፣ ይተኛል። እኔ ጠገበልኝ ብዬ ደስ ይለኛል። ብዙም ሳይቆይ እያለቀሰ ይነሳል። ጎረቤቱ ሁሉ «ይሄ ልጅ አልቃሻ ነው» ማለት ጀመረ። ልጁ እኮ አልቃሻ አልነበረም። ርቦት ነው።

ሊመዘን ስወስደው ካርዱ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ መውጣቱን ትቶ ጋደም ብሏል። የመዘነችው ባለሙያ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ጥሩ ነገር አትሰጪውም እንዴ?» አለችና በእስክሪብቶዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር ጠቆመችኝ። ፖስተሩ ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ያው ጉንጫሙ ሕፃን!

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። አጠገቤ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ወረፋ የሚጠብቁ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን ሳልጠይቅ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«አንቺ ምሳ ምን በላሽ?»

«ምስር። በድንችና በካሮት።»

«እሱስ?»

«እሱ የራሱ ምግብ አለው።»

«ምስሩ ምን በደለና ነው እሱ የማይቀምሰው?»

«ጨው አለው፣ ቅመም አለው...»

«ጨውና ቅመሙን የሚጨምረው ማን ነው?»

ይህን ታሪክ አስር ጊዜ የሰማችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትስቃላችሁ። እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም። አፌን ይዤ ቀረሁ።

የዚያን ዕለት ማታ ምስሩ፣ ድንቹና ካሮቱ ልምልም ብሎ ሲበስል፣ ጨው ከመግባቱ በፊት አንድ ጭልፋ አወጣሁ። በሹካ ጨፈለቅኩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨመርኩበት። ማንኪያውን ዘቅዝቄ አየሁት። አልፈሰሰም፤ እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ልጄ የመጀመሪያውን ጉርሻ ተፋው። ሁለተኛውን ፊቴ ላይ ተፋው። በሦስተኛው ቀን ማንኪያውን ገና ሲያይ አፉን ከፈተ። በሚቀጥለው ወር ካርዱ ላይ መስመሩ ተነሳ።

ለምን እንደተነሳ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ብርጭቆ በሉት። ያቺን ቦታ በውኃ ከሞላናት ምግቡ የት ይግባ? በዓለም ጤና ድርጅት ስሌት ጡት የሚጠባ ልጅ ከ6 እስከ 8 ወሩ ድረስ ከጡቱ ሌላ በቀን 200 ካሎሪ ያህል ከምግብ ማግኘት አለበት። ከ9 እስከ 11 ወር 300 ይሆናል። ዓመት ካለፈው በኋላ 550። ያቺ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ብቻዋን 40 ካሎሪ አካባቢ ናት። የ200ው አንድ አምስተኛ ማለት ነው! እኔ ገንፎውን በውኃ ሳቀጥንበት የከረምኩት ልጅ የጎደለው ጠብታ ዘይትና ወፈር ያለ ማንኪያ ነበር።

አሁን ትንሽ ልቆጣ ነው።

የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 እ.ኤ.አ. የእናት ጡት ወተትን የሚተኩ ምርቶች እንዴት እንደሚሸጡ የሚገድብ ደንብ አጽድቋል። 118 አገሮች ደገፉ። የተቃወመው አንድ አገር ብቻ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሕፃናትና ለትንንሽ ልጆች የሚታሸጉ ምግቦችን የሚመለከት መመሪያ ወጣ። አምራቾቹ ናሙናና ስጦታ በጤና ተቋም በኩል እንዳያድሉ ይላል። ታዲያ ያን ፖስተር ማን ሰቀለው? ያን እስክሪብቶስ ማን ሰጣት? እስክሪብቶው ላይ እኮ የቆርቆሮው ስም ነበረበት! እኔ ልጄ ከሳብኝ ብዬ ስሄድ፣ ልጄን ባከሳው ነገር ስም በተጻፈበት እስክሪብቶ ነው ክብደቱ የተመዘገበው!

እስቲ የቆርቆሮውን ጀርባ አንብቡት። የብዙዎቹ ዋና ነገር የእህል ዱቄት ነው። ከዚያ የወተት ዱቄት፣ ከዚያ ስኳር። ዱቄት እኮ ቤታችን አለ! እኛ የከፈልነው ለዱቄቱ አይደለም፤ ለጉንጩ ነው። ለፎቶው ነው የከፈልነው!

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። የሕፃናት የዱቄት ወተት የግድ የሚያስፈልገው ሕፃን አለ። እናቱ በሕይወት የሌለች አለ፣ የታመመች አለ፣ ወተቷ ያልመጣላት አለ። እነዚህን እናቶች ማንም እንዳይገላምጥብኝ። ለእነሱ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልኩን አትቀንሱ። የሚያልቅባችሁ ከሆነ በጊዜ ሄዳችሁ ለጤና ባለሙያ ተናገሩ እንጂ በውኃ አታብዙት። እኔ ያደረግኩትን አታድርጉ።

ደግሞም ልጁ ምግብ ጀመረ ማለት ጡት ተወ ማለት አይደለም። እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ። «ምግብ ከጀመረ ጡት አያስፈልገውም» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ የሰማችሁት ከሻጩ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ አይረን ነው፤ ደም የሚሠራበት የብረት ማዕድን። አባቶች፣ አትቀየሙኝ። ልጅ ይዞት የተወለደው አይረን ስድስት ወር አካባቢ ሲደርስ ያልቅበታል። የአሜሪካው የሥነ ምግብ መመሪያ ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊ ግራም አይረን ይላል። ለጎልማሳ ወንድስ? 8 ሚሊ ግራም። እንግዲህ ገበታ ላይ ያለችው አንዲት ቁራጭ ሥጋ ለማን ትድረስ? ለራሳችሁ ተውኩት። ጉበት ከተገኘ በደንብ ይብሰልና ይድቀቅ፤ ቫይታሚን ኤው ስለሚበዛ ለሕፃን በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሥጋው ከሌለ እንቁላል፣ በደንብ የበሰለ። እሱም ከሌለ ምስርና ቦሎቄ አለ። ጥራጥሬው ላይ ቲማቲም ጨምሩ፣ ወይም አጠገቡ ብርቱካን ይብላ፤ ቫይታሚን ሲው አይረኑን ሰውነት እንዲወስደው ያግዘዋል። ሻይ ደግሞ ይከለክለዋል። ለሕፃን በጡጦ ሻይ የምትሰጡ አላችሁ። ስም አልጠራም። አንዷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት።

ሦስተኛው ድስቱ ራሱ ነው። ለሕፃኑ አንድ፣ ለትልልቁ አንድ እያላችሁ ሁለት ማገዶ አታንድዱ። ሥጋ የሚገባበት ወጥ ከሆነ ሥጋውን በግማሽ ቀንሱና በምስር ወይም በቦሎቄ ሙሉት። ጥራጥሬ ደረቁን ግዙ፣ ማታ ዘፍዝፉት፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ድፉት። ቀይ ቦሎቄ ግን ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ሳይንተከተክ እንዳይበላ፤ ጥሬነቱ ሆድ ያናውጣል። አትክልት ወቅቱ ሲሆን ግዙ። በዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ገበያ ላይ ስትከራከሩ አይቻለሁ።

አራተኛው፤ ዓመት ሳይሞላው ማር አታቅምሱት። ጤናማ ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው አትበሉኝ። ሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመርት ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል። ኦቾሎኒ ደግሞ ተፈጭቶ ይስማማል እንጂ ፍሬውን አትስጡ፤ ያንቃል።

አምስተኛው ትርፍራፊ ነው። የበሰለ ምግብ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ከሕፃኑ ሳህን የተረፈውን እናቱ ትብላው። እንደምትበላው እናውቃለን።

ስድስተኛው ስለ መትፋት ነው። አዲስ ምግብ አንዴ ስለተፋ «አይወድም» አትበሉ። ሕፃን ለአንድ አዲስ ጣዕም ስምንትም አስርም ጊዜ ሊያስሞክራችሁ ይችላል። ፊቴ ላይ የተፋውን አስታውሱ። ያ ልጅ ዛሬ ከእኔ ይረዝማል፤ ከኋላ ወንበር ሲያነሳ የነበረው እሱ ነው።

15 ደቂቃዬ ሳያልፍ አልቀረም። ምሳ ተዘጋጅቷል። ምስር፣ ድንችና ካሮት ነው፣ ሌላ ምን ጠበቃችሁ? መጀመሪያ ለሕፃናቱ ይወጣል፣ ከዚያ ለእኛ። ስትቀምሱት አልጫ አልጫ ቢላችሁ ወጥ ሠሪዎቹን እንዳትወቅሱ። ጨው ሆን ብለን አላስገባንም። ጨዉ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው።