ውኃው ሲፈስ በቦታው የማይገኘው ሰው

[ምስል፦ የገጠር ቦኖ፤ የተሰለፉ ቢጫ ጀሪካኖች። ድምፅ፦ የሚወርድ ውኃ።]

እዚህ ቦኖ ላይ ወረፋ የያዙት እናቶች ውኃው እንዴት እንደመጣ አይጠይቁም፤ የመጠየቅ ግዴታም የለባቸውም። ከቧንቧው ጀርባ ግን ጨረታ አለ። የቁፋሮ ማሽን አለ። «በማሳዬ አታሳልፉም» ያሉ አባትና እርሳቸውን ያግባቡ ሽማግሌዎች አሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ክር ሲያስር የከረመ ሰውም አለ፤ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ። ውኃው በፈሰሰ ቀን ግን ብዙ ጊዜ እርሱ በቦታው አይገኝም። ወይ ወደ ሌላ ወረዳ ተልኳል፤ ወይ ቢሮ ተቀምጦ የመዝጊያ ሪፖርት ያዘጋጃል።

ይህ ቪዲዮ ስለዚያ ሰው ነው። እኔም በውኃ ፕሮጀክቶች ላይ ዓመታት ስለሠራሁ ከሩቅ ሆኜ አልናገርም። በዚህ ሙያ የሥራው ብዛት ይከብዳል፤ ይበልጥ ሰውን የሚያዝለው ግን ፍሬውን ሳይቀምሱ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው መሻገሩ ነው።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጊዜ ሰሌዳ።]

የሙያውን ጠባይ ልብ በሉ። የሥራ አስኪያጅ ትልቁ ሥራ ችግርን ሳይደርስ ማስቀረት ነው። ሲሚንቶ ሳያልቅ ያዝዛል። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ቱቦውን ሳይት ያደርሳል። ተቋራጩና አማካሪ መሐንዲሱ በክፍያ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ለተሠራው ሥራ ክፍያ በሚያጸድቀው ሰነድ፣ ተኳርፈው ሥራው እንዳይቆም መሐል ገብቶ ያስማማል። ሁሉም ሲሳካለት የሚታይ ነገር የለም፤ ያልደረሰ አደጋ ፎቶግራፍ አይነሣም። ግንበኛው ግድግዳውን፣ ቧንቧ ሠራተኛው መስመሩን ያሳያል። ሥራ አስኪያጁ የሚያሳየው ሪፖርት ነው፤ በሪፖርቱ ውስጥ ደግሞ ጎልቶ የሚነበበው የዘገየው ነው።

[ምስል፦ በረንዳ ላይ ቆሞ በስልክ የሚነጋገር ሰው፤ ከበስተኋላው የበዓል ማዕድ።]

አንድ ዓመት ከውጭ የሚመጣ የጉድጓድ ፓምፕ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ለወራት ዘገየብን። ባንክ ስደውል፣ ከወረዳው ሲደወልልኝ፣ ለለጋሹ ማብራሪያ ስጽፍ ዐቢይ ጾም ገብቶ ወጣ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እነቃና የጊዜ ሰሌዳውን በልቤ ስከልስ ይነጋል። የፋሲካ ዕለት ከማዕድ ተነሥቼ በስልክ ስከራከር ቆይቼ ስመለስ እናቴ፣ «ልጄ፣ ሰዎቹ ውኃ እስኪያገኙ አንተ ልትደርቅ ነው?» አለችኝ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው በእኔ ደርሶ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ዝለትን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ላይ ሲያሰፍር በሽታ ብሎ አልሰየመውም፤ በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ የቆየና በአግባቡ ያልተያዘ ጫና የሚያስከትለው ሁኔታ ነው አለ። ሦስት መገለጫዎችም ሰጠው፦ የአቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መራቁ ወይም ሥራውን በመራራ ዓይን ማየት፣ የውጤታማነት መቀነስ። በእኛ ሙያ ሁለተኛውን አጥብቄ እፈራዋለሁ። ድካም ዕረፍት ሲገኝ ሊቀል ይችላል። ልብ ሲርቅ ግን ሰዎች ስማቸውን ያጣሉ። በማሳቸው ጉዳይ የተከራከሩንን አባት ስማቸውን ትቼ «የቦታ ጥያቄ፣ ተራ ቁጥር 4» ብዬ መጥራት የጀመርኩት ያኔ ነበር። በአንድ ስብሰባ ላይ ይህን ከራሴ አፍ ስሰማው ደነገጥኩ።

[ምስል፦ የሥጋት መዝገብ፤ «ባለቤት» የሚለው ዓምድ ይጎላል።]

መውጫውን ያገኘሁት በእጃችን ካለው መሣሪያ፣ ከሥጋት መዝገብ ነው። በመዝገቡ ላይ እያንዳንዱ ሥጋት ባለቤት አለው፤ የሚከታተለውና እርምጃ የሚወስደው ሰው በስም ይጻፋል። የእኔን ከፍቼ ስቆጥር ከ23 ሥጋቶች በ19ኙ ትይዩ የተጻፈው የእኔ ስም ነበር። ምንዛሪውም በእኔ ስም ነበር! የውጭ ምንዛሪ የምፈቅደው እኔ አይደለሁም። የእኔ ድርሻ መዘግየቱን ቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ፓምፑ እስኪመጣም የማጠራቀሚያ ጋኑንና የመስመር ዝርጋታውን ማስቀደም ነበር፤ ያንን ደግሞ ፈጽሜዋለሁ። ከግዥ ክፍሉና ከኃላፊዎቹ ጋር ተቀምጠን መዝገቡን እንደገና ተከፋፈልነው። ስሜ በ7 ሥጋቶች ላይ ቀረ። ፓምፑ በዚህ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ አልፈጠነም፤ እኔ ግን መተኛት ጀመርኩ። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ የምነግረው ነው፦ መዝገባችሁን ክፈቱና ስማችሁን ቁጠሩ።

«ፕሮጀክቱ የአንተ ነው፤ ችግሩም የአንተ ነው» የሚል አለቃ ባለበት ቤት ይህ ብቻውን አይበቃም። እዚያ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ የመጀመሪያው ዓመት አገልግሎትም 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ እንዲያስገኝ ይደነግጋል። ሆኖም የመቅጠር፣ የመመደብና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን የተሰጠው «የሥራ መሪ» በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ እንደ ሥልጣኑ በአንደኛው ወይም በሌላው ወገን ሊሆን ይችላል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት በየትኛው እንደሆናችሁ ጠይቁ። የሥራ መሪ ከሆናችሁ የዕረፍት ጊዜያችሁና ፈቃዳችሁ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ብዙ ወጣቶች ደግሞ እርካታን ከፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅነት የምስክር ወረቀት ይጠብቃሉ። ወረቀቱ በር ይከፍታል፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ይህን ወረቀት ከሚሰጡት አንዱ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ራሱ በ2021 መመሪያውን ሲያድስ ከሂደቶች ዝርዝር ይልቅ 12 መርሆችን ማዕከል አደረገ፤ አንዱም ሥራው በሚያስገኘው ጥቅም ላይ ማተኮር ነው። ያን ጥቅም ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

[ምስል፦ ወደ ገጠር የሚጓዝ መኪና፤ አቧራማ መንገድ።]

ለመሄድም በሥራችን ውስጥ ምክንያት አለ። በግንባታ ውል ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ የመጨረሻ ርክክብ ይከተላል። ለዚህ ለሁለተኛው ርክክብ መሐንዲስ እልክና የሚመጣልኝን ሰነድ ፈርሜ አስቀምጥ ነበር። ፓምፑ ለዘገየበት ፕሮጀክት ግን ራሴ ሄድኩ።

የቦኖ ጠባቂዋ አላወቀችኝም። ሳንቲም ትቀበላለች፤ በደብተሯ ትመዘግባለች። በማሳው ጉዳይ የተከራከሩን አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር ወረፋ ይዘው ነበር። በስማቸው ጠርቼ ሰላም አልኳቸው። እጄን ይዘው፣ «ቧንቧችሁ ከማሳዬ ሥር አለ፤ ጤፉ ግን እንደ ወትሮው በቅሏል» አሉኝ። ያንን ንግግር ከየትኛውም የምስጋና ደብዳቤ አስበልጬ ይዤዋለሁ።

ከቦኖው አጠገብ በንድፋችን ላይ ያልነበረ ነገር አየሁ፤ በድንጋይ የተካበች፣ እስከ ወገብ የምትደርስ መደብ። እናቶቹ የሞላውን ጀሪካን እርሷ ላይ ያስቀምጡና ጀርባቸውን ሰጥተው ያለ አጋዥ ያዝሉታል። ማን እንደሠራት ስጠይቅ፣ «እኛው ነን» አሉ። ሜትር አውጥቼ ለካኋት። በሚቀጥለው ፕሮጀክት ንድፍ ላይ ከእያንዳንዱ ቦኖ አጠገብ መደብ አስገባን፤ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር።

[ምስል፦ የድንጋዩ መደብ፤ ላዩ ላይ አንድ ጀሪካን። ድምፅ፦ የሚወርድ ውኃ።]